ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ ብርሃኑ የት ይሄዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሥነ ሥዕል

ጥያቄ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፤ ለዓመታት መልክዓ ምድርና የሰው ምስል ስሥል ቆይቼ አሁን ወደ አብስትራክት ሥዕል ፊቴን አዙሬያለሁ። በተለይ የሚማርከኝ ቀለሞች እንደ ስስ መጋረጃ ተደራርበው የታችኛው ከላይኛው ውስጥ አልፎ የሚታይበት አሠራር ነው። አክሪሊክ ቀለሜን በውሃ በደንብ አቅጥኜ እደርባለሁ። ሁለተኛው ቀለም እስኪያርፍ ድረስ መልኩ ያምራል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ነገር ቡናማ ጭቃ ይሆንብኛል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ደርቋል ያልኩት የታችኛው ቀለም በብሩሹ ተነሥቶ ይወጣል። የምሥልበት አቡጀዲ ነው። የሠዓሊ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ በአካባቢያችን ስለሌለ ለቀለም ማቅጠኛ የሚሆን ሚዲየም አግኝቼ አላውቅም፤ በምትኩ የእንጨት ኮላ መጠቀም ይቻላል ያለኝ ጓደኛ አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። ጭቃው የመጣው ከቀለሞቹ ምርጫና ከአደራረባቸው ነው፤ የታችኛው ቀለም በብሩሽ መነሣቱ ግን ከውሃው ብዛት ነው። ከጭቃው እንጀምር።

በስስ ቀለም ላይ ያረፈ ብርሃን ቀለሙን አልፎ ከሥሩ ካለው ነጭ መደብ ይደርሳል፤ ከነጩ ተመልሶም ያንኑ ቀለም ዳግመኛ አቋርጦ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረባ ብርሃኑን ሁለት ጊዜ፣ ሲገባና ሲወጣ ይቀንሰዋል። አንድ ደረባ በአንድ ማለፊያ የብርሃኑን ግማሽ የሚያስቀር ቢሆን፣ ተመልሶ የሚታየው 25 በመቶው ብቻ ነው፤ በላዩ ያንኑ የሚያህል ሁለተኛ ደረባ ሲያርፍበት የሚመለሰው ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቀለሞቹ የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ከብርሃኑ የየራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ቢጫ ሰማያዊውን ክፍል፣ ሰማያዊ ቀዩን ክፍል፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ደግሞ አረንጓዴውን ክፍል ያስቀራል። ቢጫና ሰማያዊ ሲደራረቡ አረንጓዴ የሚታየን ሁለቱም ያሳለፉት እርሱን ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ቀዩን ሲጨምሩበት የቀረውንም አረንጓዴ ይወስደዋል፤ ለዓይን የሚመለስ ብርሃን ያኔ ያልቃል። እርስዎ ጭቃ ያሉት ይህንን ነው።

እንግዲህ ሦስቱም ቀለሞች ሸራውን ዳር እስከ ዳር ከሸፈኑት ጨለማው የማይቀር ነው። በአንድ ቦታ ሁለት ቀለሞች፣ በሌላው አንድ ብቻ፣ ጥቂት ቦታ ላይ ሦስቱም ቢገናኙ ግን ጨለማው ራሱ የሥዕሉ አካል ይሆናል፤ የቀረው ቦታም በእርሱ አጠገብ ይበልጥ ይበራል። በነጩ መደብ ላይ ያለው ብርሃን አንዴ ከተሸፈነ ነጭ ቀለም ቢጨምሩበት በዚያው መልኩ አይመለስም። በዚህ ዓይነት ሥዕል ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ የትኛው ቦታ ሳይነካ ይቅር የሚለው እንደሆነ አምናለሁ፤ አብስትራክት በመሆኑ ብቻ ዕቅድ አያስፈልገውም የሚሉ ሰዎች ይህን አሠራር ሞክረው አያውቁም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቀለሙም ራሱ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ በተፈጥሮው የሚሸፍን ቀለም በውሃ ስለ ቀጠነ ብቻ አሳላፊ አይሆንም። ፍታሎ ሰማያዊና ፍታሎ አረንጓዴ፣ ኪናክሪዶን ቀይና ሐምራዊ፣ ኒኬል አዞ ቢጫ፣ እንዲሁም አሳላፊ የብረት ኦክሳይድ የሚባሉት ቀይና ቡናማ ቀለሞች ለዚህ ሥራ ይስማማሉ። ካድሚየም ቢጫና ካድሚየም ቀይ ከሥራቸው ያለውን ይሸፍናሉ፤ ታይታኒየም ነጭ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ በጣም ጥቂቱ እንኳ አሳላፊውን ቀለም ያደበዝዘዋል። ብዙ አምራቾች በቱቦው ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ወይም ክብ ምልክት ያትማሉ፤ ባዶ ከሆነ ቀለሙ ያሳልፋል፣ ግማሹ የተሞላ ከሆነ በከፊል ያሳልፋል፣ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ይሸፍናል ማለት ነው።

በርካሽ የተማሪ ቀለሞች ላይ ይህ ምልክት ላይኖር ይችላል፤ ብዙዎቹም መሙያ ዱቄት ስለሚጨመርባቸው ስማቸውን ብቻ አይተው አይመኑ፤ ራስዎ ይፈትኗቸው። በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ ውሃ በማያስለቅቀው ጥቁር ማርከር የጣት ያህል ስፋት ያለው መስመር ያስምሩ፤ ሲደርቅም ያሉዎትን ቀለሞች በሙሉ መስመሩን እያቋረጡ እንዲያልፉ አድርገው ጎን ለጎን ይቀቡ። ቀለሞቹ ሲደርቁ ወረቀቱን ወደ መስኮት ወስደው አዘንብለው ይመልከቱት። መስመሩ ጥቁረቱን ሳይለቅ ጥርት ብሎ ከታየ ያ ቀለም አሳላፊ ነው፤ አቧራ የተነሰነሰበት መስሎ ከደበዘዘ በከፊል ያሳልፋል፤ ጥቁሩ ከጠፋ ግን ቀለሙን ለመጀመሪያው መደብ ይጠቀሙበት እንጂ ወደ ላይኛው ደረባ አያውጡት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ከማንኛውም የቀለም ሰንጠረዥ ይልቅ ይጠቅምዎታል።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ አክሪሊክ ማለት የቀለም ዱቄትና እርሱን የሚያያይዘው ፕላስቲክ ነክ ማጣበቂያ በውሃ ውስጥ ተበትነው ያሉበት ውህድ ነው። ውሃው ሲተን ማጣበቂያው እርስ በርሱ ተያይዞ ውሃ የማይፈታው ሽፋን ይሠራል። ውሃ ከመጠን በላይ ሲጨመርበት ግን ማጣበቂያው ስለሚሳሳ የቀለሙን ዱቄት አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ቀጣዩ እርጥብ ብሩሽ የሚያነሣው ይህንኑ በደንብ ያልተያዘ ዱቄት ነው። ሚዲየም የሚባለው ደግሞ ያው ማጣበቂያ ቀለም ሳይገባበት ለብቻው ሲሸጥ ነው፤ በእርሱ ሲቀጥን ቀለሙ ይሳሳል፣ ሽፋኑ ግን ጥንካሬውን አያጣም። ለጀማሪ 1 እጅ ቀለም ለ10 እጅ ሚዲየም ጥሩ መነሻ ነው፤ ፍታሎ ሰማያዊ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ከ20 እጅ ጋር ቢቀላቀልም አይበዛበትም። ሚዲየሙ እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ይጠራል። በዚህም ምክንያት የቀባነው ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል፤ እርጥቡን አይቶ «ገና አልበቃውም» ብሎ መጨመር ደግሞ ወደ ጭቃ የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ ነው።

የእንጨት ኮላን በተመለከተ፣ ወረቀት ላይ ለመለማመጃ ቢጠቀሙበት ነውር የለውም። ነጭ ሆኖ ይቀባል፣ ሲደርቅም በአመዛኙ ይጠራል። ነገር ግን ተራው ኮላ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል፤ እርስዎ የሚሸሹትን የቀለም መነሣት መልሶ ያመጣብዎታል። ከጊዜ ብዛትም ቢጫ ሊሆን ይችላል። ሊሰቅሉት ወይም ሊሸጡት ለሚያስቡት ሥዕል አይሁን፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አንድ ጠርሙስ የአክሪሊክ ሚዲየም ቢያመጣልዎ ለብዙ ሥዕል ይበቃዎታል።

አቡጀዲው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከመወጠሩ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ስታርቹ ይልቀቅ፣ ጨርቁም አስቀድሞ ይሰብሰብ። ከተወጠረ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነጭ ጄሶ (ለግንብ የሚሆነው ሳይሆን ለሥዕል መደብ የሚዘጋጀው ነጭ ቅብ) ይቀባ፤ በየመካከሉም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። የጨርቁ ክር ጎልቶ ከቀረ ስስ ቀለም በክሮቹ መካከል እየተጠራቀመ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ይህን መልክ ሆን ብለው የሚፈልጉት ሠዓሊዎች አሉ፣ እርስዎ ግን በመጀመሪያ ባይገጥምዎ ይሻላል። ሲደርቡም ሸራውን ግድግዳ ላይ አያቁሙት፤ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በውሃ ልክ ያስተካክሉት፤ አለዚያ ፈሳሹ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ይተኛል።

ደረባው መድረቁን ለማወቅ በዓይን መፍረድ ያታልላል። የእጅዎን ጀርባ ቀስ አድርገው ያስጠጉት፤ ቀዝቀዝ ካለዎ ውሃው አሁንም እየተነነ ነው። በበጋ ደረቅ አየር ስስ ደረባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል፤ በክረምት እርጥበት ግን ይዘገያል፤ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ብርድ ደግሞ ማጣበቂያው በአግባቡ ላይያያዝ ስለሚችል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ አያሳድሩት።

ወደ ሸራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ልምምድ ይሥሩ። ሦስት አሳላፊ ቀለሞችን፣ ለምሳሌ ኒኬል አዞ ቢጫ፣ ኪናክሪዶን ቀይና ፍታሎ ሰማያዊ፣ በሚዲየም አቅጥነው ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች በሦስት ረድፍ ይቀቡ። ሲደርቁ እነዚያኑ ሦስት ቀለሞች አግድም ይቀቡባቸው፤ 9 መገናኛዎች ይወጣሉ። በሦስቱ መገናኛዎች ቀለሙ በራሱ ላይ ስለሚደረብ ይጠልቃል። በቀሩት ስድስቱ ሁለት ሁለት ቀለሞች ቅደም ተከተላቸው ተገላብጦ ይገናኛሉ፤ ቢጫ ከላይ የሆነበት አረንጓዴና ሰማያዊ ከላይ የሆነበት አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ እንዳልሆኑ ያስተውላሉ፤ ምክንያቱም ፈጽሞ አሳላፊ የሆነ ቀለም ስለሌለ የላይኛው ሁልጊዜ ጥቂት ያደላል። ለአብስትራክት ሥዕል ዋናው ጥሬ ዕቃ ይህ ልዩነት ነው፤ ቤት፣ ዛፍ ወይም ፊት በሌለበት ሥዕል ውስጥ ተመልካቹ ቅርብና ሩቅ የሚለየው የትኛው ቀለም ከየትኛው በላይ እንዳረፈ በማየት ነውና።

የቀለሙን ጠርዝ ነገርም ችላ አይበሉ። በማስኪንግ ቴፕ ተቆርጦ የቀረ ጠርዝ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ጠርዙ በእርጥብ ስፖንጅ ቢዳሰስ ግን ወደ ሥሩ ቀለም እየሰመጠ ይጠፋል። ሁለቱም በአንድ ሥዕል ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም ጠርዝ አንድ ዓይነት ሲሆን ግን ሥዕሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። መስመር መጨመር የሚወዱ ከሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችውን የሠዓሊዋን የጁሊ ምህረቱን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። በብዙ ታላላቅ ሥራዎቿ በቀለምና በኢንክ ከሣለች በኋላ ሥዕሉን ጥርት ባለ አክሪሊክ ሽፋን ትሸፍነዋለች፤ ሽፋኑን አለስልሳም በላዩ እንደገና ትሥላለች፤ በዚህም መስመሮቹ በተለያየ ጥልቀት የተቀበሩ ሆነው ይታያሉ። እርስዎም በሁለት ደረባ መካከል በውሃ በማይለቅ ጥቁር ኢንክ ጥቂት መስመር ጣል ቢያደርጉ፣ ከላይ ከተሣለው መስመር ጋር ያለውን ልዩነት ወዲያው ያዩታል።

ጥያቄ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ከጡረታ በኋላ በዘይት ቀለም መሣል ጀምሬያለሁ። ስስ ቀለም እየደረቡ አብስትራክት መሥራት በዘይት ይሻላል ወይስ በአክሪሊክ? ከዘይት ጋር ብቀጥል ምን ልጠንቀቅ?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ ከውበት አንጻር ከጠየቁኝ ዘይት ይበልጣል፤ ጥልቀቱና ሙቀቱ የተለየ ነው። ከትዕግሥት አንጻር ግን ከባድ ነው፤ አንድ ስስ የዘይት ደረባ ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። አልኪድ የተባለው ሚዲየም ሲቀላቀልበት በአንድ ቀን ገደማ ሊደርቅ ይችላል። ሌላው መንገድ የታችኞቹን ደረባዎች በአክሪሊክ ሠርቶ የላይኞቹን በዘይት መጨረስ ነው፤ በደረቀ አክሪሊክ ላይ ዘይት ያርፋል፣ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ ፈጽሞ አይቀባም፤ ይላጣልና።

በዘይት የሚጠበቀው ዋና ደንብ የዘይቱ መጠን ከታች ወደ ላይ እየጨመረ መሄዱ ነው። ታችኛው በተርፐንታይን የቀጠነና ዘይቱ ያነሰ፣ ላይኛው ዘይቱ የበዛ ይሁን፤ ተገላብጦ ከተሠራ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና፣ ታችኛው ኋላ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ክፍልዎ አየር የሚያስገባ ይሁን። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ደግሞ ተጨባብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ይህን እንደ ተራ ማሳሰቢያ እንዳይቆጥሩብኝ።

እርስዎ የሚኖሩበት አካባቢ ለዚህ አሠራር ትምህርት ቤት የሚሆን ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው ፊሊፕስ ኮሌክሽን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1960 ለአሜሪካዊው አብስትራክት ሠዓሊ ለማርክ ሮትኮ ሥዕሎች ብቻ የለየው ትንሽ ክፍል አለው። ሮትኮ ቀለሙን በጣም አቅጥኖ፣ ደረባ በደረባ፣ ጠርዙን እያደበዘዘ ነበር የሚሠራው። ከፊት ለፊት ቆመው መሐሉን ሲያዩ ከቆዩ በኋላ ወደ ጎን ይሂዱና የቀለሙን ሰሌዳ ዳርቻ ይመርምሩ፤ ከሥር ያሉት ቀለሞች ሾልከው የሚወጡት እዚያ ላይ ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ይህ አይታይም። በዚያችው ከተማ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ሞሪስ ሉዊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ቀጭን አክሪሊክ ቀለም ባልተቀባ ሸራ ላይ እያፈሰሰ፣ ቀለሞቹ በሸራው ላይ ተደራርበው እንዲወርዱ በማድረግ መጋረጃ የሚመስሉ ግዙፍ ሥዕሎችን ሠርቷል። የእርሱ መነሻ ሠዓሊዋ ሔለን ፍራንከንታለር እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራችው ሥዕል ነበር። እርሷ ግን የተጠቀመችው በተርፐንታይን የቀጠነ የዘይት ቀለም ነው፤ ዘይቱም በቀለሙ ዙሪያ ወደ ጨርቁ እየሰረገ ጥላ የመሰለ ክብ ይሠራል፤ ጄሶ ያልተቀባ ጨርቅንም ከጊዜ ጋር ይጎዳል። ስለዚህ ባልተቀባ ሸራ ላይ ማፍሰስ ከፈለጉ አክሪሊኩን ይምረጡ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ስስ ደረባ ለፀሐይ ከወፍራም ቀለም ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ የሚገረጣ ቀለም ከገባበት መደበቂያ የለውም። ሮትኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው ትላልቅ ሥዕሎች ሊቶል ቀይ የተባለ የማይጸና ቀለም ስለነበረባቸው፣ ከተሰቀሉበት የፀሐይ ብርሃን የሚገባበት ክፍል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከዚያ ወጥተው ወደ መጋዘን ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ሲቀርቡ የጠፋው ቀለም የተሞላው ከፕሮጀክተር በሚወርድ ብርሃን ነበር። ቱቦ ሲገዙ ቀለሙ ለብርሃን ያለውን ጽናት የሚገልጸውን ምልክት ሳያነቡ አይውሰዱ።

ጥያቄ

በጨለማ ቀለም ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ለመፍጠር ነጭ ቀለም አቅጥኜ ስቀባ፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለወጥብኛል። ብሩሼ ንጹሕ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከባሕር ዳር

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ ብሩሽዎ በደል የለበትም። የነጭ ቀለም ቅንጣቶች ብርሃኑን ከማሳለፍ ይልቅ ይበትኑታል፤ ሲሳሱ ደግሞ ሰማያዊውን የብርሃን ክፍል ከቀዩ ይበልጥ በትነው ወደ እኛ ይመልሳሉ፤ ቀዩ አልፎ ይሄድና ከሥር ያለው ጨለማ ያስቀረዋል። ስለዚህ በጥቁር ወይም በጠቆረ ቀለም ላይ የተቀባ ስስ ነጭ ሰማያዊ ይመስላል፤ በፈካ ቀለም ላይ ቢቀባ ይህ ለውጥ እምብዛም አይታይም። ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ከተነገሩት አሳላፊ ቀለሞች ጋር የሚለይበትም በዚህ ነው፤ የነጭ ስስ ደረባ በጠቆረ ቀሚስ ላይ እንደ ተጣለ ነጠላ ነው፤ አንድ ድርብ ሲሆን ቀሚሱን ያሳያል፣ ሲታጠፍ ግን ነጭነቱ እየበረታ ቀሚሱን ይሸፍነዋል።

ሰማያዊነቱን ካልወደዱት ነጩን ከጥቂት ኦከር ቢጫ ጋር ቀላቅለው ያሙቁት፤ ወይም ነጩ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በላዩ በሚዲየም የቀጠነ አሳላፊ ቢጫ ይደርቡበት፤ ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ብርሃን አለው። ዚንክ ነጭ ከታይታኒየም ነጭ ይልቅ ስለሚሳሳ ለጭጋግ ይመረጣል፤ ሆኖም በዘይት የሚሥሉ ከሆነ ዚንክ ነጭ ከዓመታት በኋላ እየደረቀ የሚሰባበር ሽፋን ስለሚሠራ፣ ታይታኒየሙን በጣም አቅጥነው ቢጠቀሙ ይሻላል። በአክሪሊክ ግን ይህ ስጋት የለም። ሲቀቡም በብሩሽ ብዙ አይመላለሱበት፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ካለፉበት በኋላ ይተዉት፤ የነጭ ስስ ደረባ የእያንዳንዱን የብሩሽ ጉዞ ምልክት ከማንኛውም ቀለም ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።